ዘጠኝ አውራ ጣት

ምርጫ ጣቢያው ያው ነው፣ የኔው ሦስተኛ ክፍል፤
ዓርብ የጻፍኩት ማባዣ አልጠፋም፣ ሰባት ሲባዛ በስድስት ይላል።
ሁለት ታዛቢዎች በልጅ ወንበር ላይ፣ ጉልበት ከአገጭ ገጥሞ፣
አንዱ ሲያንጎላጅ፣ አንዱ ሲጽፍ ስሙን ደጋግሞ።

ዕጩዎቹ ዘጠኝ፣ የቀጠናው ወንበር አምስት።
«አምስት ብቻ ንኩ፤ ስድስት ከሆነ ይሞታል ወረቀት»
ስል ዋልኩ እደጁ፣ ከጠዋቱ አንድ እስከ አሥራ ሁለት።
«አራቱን ትቼማ፣ ነገ በምን ዓይኔ ላያቸው ነው በቅሬው?»
ብለው ጠየቁኝ እትዬ ዘሀራ፣
ወረቀቱን ታቅፈው፣ እንደ ሰው አራስ ልጅ፣ እንዳይነቃ ፈርተው።

አሁን መሽቷል። የእሳት ራት ከሶላር ፋኖሱ ይጋጫል፤
«ጃንጥላ፣ ጃንጥላ፣ ወንፊት፣ ቁልፍ፣ መሰላል...»
እኔ ስጠራ ጠመኔው ይጮኻል።
ጃንጥላዋ ጦይባ አዋላጅ ናትና፣ ከአፋፉ እስከ ገደል
ግማሹ መራጭ በጇ ነው የወጣ፤ ማን ከሷ ይበልጣል?
አራቱ ወንበር ጌታ አገኘ፤ አምስተኛው ላይ ግን ጠመኔዬ ለገመ፣
ድልድይ እንዳየች በቅሎ፣ ጆሮውን ቀስሮ ቆመ።

መሰላሉ ሙሄ፣ መቶ አርባ ሁለት።
ቁልፉ ባዩ ደግሞ፣ መቶ አርባ ሁለት።
ድንበርተኞች ናቸው፤ ባንዲት ቦይ ሰበብ፣ ሦስት ክረምት
ደጎሎ ድረስ የተካሰሱ፣ ስለ ስንዝር መሬት።
«ይደገም!» አለ ያንጎላጀው፣ ባንኖ በድንገት።
ደገምን። ያው መጣ።
ሠለስን። ያው መጣ።

ያኔ ነው ዞር ያልኩት፣ ለብቻዋ ወዳኖርናት
ወደ አንዲቷ ብልሹ ወረቀት፤
ዘጠኝ ምልክት ላይ፣ ዘጠኝ አውራ ጣት።
ኧረ እትዬ ዘሀራ! አልኩኝ በሆዴ፤ ይኸው ፈሩ ቅሬውን!
ፋኖሱን ሳስጠጋ ግን፣ አየሁት መስመሩን፦
ከጥፍር እስከ አንጓ፣ ጣቱን ለሁለት የከፈለው፣
ቀለም የማይገባበት ነጭ ቦይ ነው።

ይህን ጣት አውቀዋለሁ፤ በኅዳር፣ በስንዴ አጨዳ፣
ለባዩ ጅጌ ወጥቶ፣ በባዩ ማሳ ላይ፣ በማጭድ ሲጎዳ፣
እኔ ነኝ ያሰርኩለት፣ ከሻሼ ጫፍ ቀድጄ፤
«አብሽሪ» ይለኝ ነበር፣ ደሙ እየወረደ በእጄ።

ሙሄ!
ባዩን ትቶ፣ ራሱን ይዞ፣ አምስት ብቻ ቢነካ ኖሮ፣
ያለ ዕጣ በገባ ነበር፣ በገዛ ድምፁ ተቆጥሮ።
በዚያች መጋረጃ ውስጥ፣ ማንም በማያየው፣
ጣቱን ሲያነሳ ሲጥል፣ ምን እንዳሰበ ማን ያውቀው?
ቁልፉ ላይ ያረፈው አሻራ ከሁሉም ጠብቋል፣ ጠቁሯል፣ አልደበዘዘም፤
ይቅርታ ይሁን ያጠበቀው፣ ወይ ቂም፣ እኔ አላውቅም።
ደንብ ደንብ ነው፤ «የተበላሸ» ብዬ ጻፍኩ በቀይ፣
ዘዴው ልክ፣ መልሱ ስሕተት እንደሆነ ፈተና ላይ።
ድምፅ ምስጢር ነው። ለማንም አልተነፈስኩ፣ ለሱም ቢሆን።

ሁለት ባቄላ፣ አንዷ ቀለም የነካት፣ በሚሊሻው ቆብ ውስጥ፤
ባዩ እጁን ሰደደ፤ ጥቁሯ ወጣች፤ ሙሄ ሳቀ ጣራው እስኪናወጥ።
«ክሴን ለማን ላቅርብ እንግዲህ? አንተው ሆንክ እኮ ዳኛው!» አለው።
ባዩ አልሳቀም፤ ባቄላዋን በመዳፉ ያገላብጣታል፣
እንደ ጥርስ፣ ገና አሁን እንደወለቀው።

ኮሮጆው ባህያ ሌሊቱን ወደ ደጎሎ ሄደ።
ሰኞ ልጆቹ መጡ፤ የሰዎቹን ስም ከሰሌዳው ጠረግኩ፣
ከመቶ አርባ ሁለት አንዷን አሃዝ አበስኩ፣ አርባ ሁለቷን ተውኩ።
«ሰባት ሲባዛ በስድስት?»
ከኋላ ወንበር የባዩ ልጅ እጁን አወጣ፤
አውራ ጣቱ ጠቁሯል፤ የረሳሁትን የቀለም ሳጥን
ማን ከመሳቢያዬ አወጣ?