ሰረዝ

ሰኞ በጠዋቱ፣ ቦርከና ሲያጓራ፣
ተሰለፍኩ ከልጆች፣ ከልጄ እኩዮች ጋራ።
ሁሉም ደብተር ይዟል፣ እኔ ቁራጭ ጨርቅ፤
ጥፍሬ ሥር የሰፈረ፣ በኦሞ የማይለቅ
የሠላሳ ዓመት ዘይት።

ከመስኮቱ ኋላ ያለችዋ ዘምዘም
ቅጹን ሳበችና፣ ቀና እንኳን ሳትልም፦
«ስም?» «ይመር እንድሪስ።» «ሙያ?» «መካኒክ ነኝ።»
«የትምህርት ደረጃ?» እዚች ላይ ሳል ያዘኝ።
«አራተኛን ጨርሼ፣ አምስትን ጀምሬ...»
«አሠልጣኝ ተቋም?» ቆምኩኝ ተቸግሬ።
«አያ ሙሄ» አልኳት፣ «ከሐረጎ ግርጌ፣ ከዋርካዋ ሥር።»
ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አባባ፣ ይሄስ ይቅር፣
ኮምፒውተሩም አይቀበል»፤ ብዕሯን ጋደም አድርጋ
አንዲት ሰረዝ ጣለች፣ አለፈች ሌላ ጋ።

ለእሷ አልነገርኳትም። አያ ሙሄ ማለት፣
ኤንትሬ ተጭና ዳገቱ ሲከብዳት፣
ገና ከሩቅ ሰምቶ፣ ሻዩን ሳያስቀምጥ፣
«ሦስተኛው ፒስተን ነው፣ ይሄውላችሁ ሲያምጥ»
የሚል ሰው ነበረ።
አሥራ አራት ዓመቴ፣ ቁልፉም አሥራ አራት ቁጥር፤
«እንካ፣ እኩያህን ያዝ!» ብሎ ሲወረውር።
ከሳትኩ ጣቴን ይላል፣ ቅንጣት ሳያመነታ፣
ዳቦ በሻይ ገዝቶ ይክሰኛል ማታ።
የተቀበረ ለታ፣ ሐረጎን ሲወርዱ፣
እየቆሙ፣ ጥሩምባ እየነፉ፣ ሹፌሮች ሄዱ።

ታዲያ ምን አመጣህ በሉኛ! ጨረታ።
አሥር አይሱዙ ያለው አንድ ነጋዴ
በሩ ላይ ለጠፈ፣ በትልልቅ ፊደል፣
«ደረጃ ሦስት የሌለው አይምጣ» የሚል።
ሥራው ለቶፊቅ ሆነ። ቶፊቅ ማለት ያ ልጅ፣
ጎማ መፍታት የለመደ ከኔ ደጅ፣
ኮሌጅ ገብቶ የወጣ፣ ከረባት ያሠረ።
ሌሊት ይደውላል፣ ድምፁ እንዳፈረ፦
«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?» ስልኩን ሞተሩ ላይ አስደግፎ፤
እሰማዋለሁ ተኝቼ፣ ብርድ ልብሴ ካንድ ጆሮዬ ተገፍፎ።
እነግረዋለሁ። በነፃ።
አንድ ሌሊት ሰአዳ መብራቱን አበራች፣
«ይህን ጆሮህን ሂድ አስመዝነው» አለች።

የቃሉ ፈተና ክፉኛ አላበኝ።
ፈታኙ፣ አንድ ለግላጋ፣ እያነበበ እንዲህ አለኝ፦
«በኃይል ማስተላለፊያ ሥርዓት ውስጥ፣ ማለያያው...»
የውጭ ዜና መሰለኝ፣ ሬዲዮ የሚያወራው።
«ፍሪሲዮን ነው?» አልኩት። ወረቀቱን አየ፤
«ነው» አለኝ፣ ቁጣው ከፊቱ እየተለየ።
ከዚያ ወዲያ ተግባባን፣ እሱ በመጽሐፉ፣
እኔ በኩሽኔታ፤ ጥያቄዎቹ አለፉ።

የተግባሩ ዕለት፣ ሞተር በማቆሚያ።
አንድ ሽቦ ፈትቷል፣ ለኔ መሞከሪያ።
ሽቦዋን አሠርኩና «ሌላም ሕመም አለ» አልኩ።
«ሌላ አላበላሸንም» አለኝ። የዘይት ዘንጉን መዘዝኩ፤
ዘይቱ ወተት መስሏል፤ ውሃ ገብቶበታል፣
የቴስታታው ጓርኒሲዮን ድሮ ተበልቷል።
ልጁ ዘንጉን ተቀበለኝ፣ ወደ ብርሃን ይዞ አየው፤
«ይሄ እኮ ፈተናው ውስጥ የለም፣ ጋሼ፤ በስንት ማርክ ልያዘው?»

ሐሙስ «ብቁ» አሉኝ።
ሰአዳ ወረቀቱን በላስቲክ አሸገች፣
ከቺንጋዎቹ ጎን ሚስማር ላይ ሰቀለች።
ስም አለ፣ ፎቶ አለ፣ የተውሶ ከረባት፣
ማኅተም። «የሠለጠነበት ተቋም» የሚልበት
ሰረዟ ብቻ አለች።

ቶፊቅ መጥቶ አይቶ፣ «እዚህ ጋ ባዶ ነው» አለ።
መልስ አልሰጠሁትም፤ እጄ ሥራ ላይ ዋለ።

አያ ሙሄ ዘንጉን መዝዞ በሱሪው ይጠርገዋል፣
ይመልሰዋል፣ ደግሞ ያወጣዋል፣
ዘንጉ ላይ የተጫረችውን፣ የላይኛዋን ሰረዝ
በአውራ ጣቱ ጥፍር እየነካ ያሳየኛል፦
«እዚች ጋ ከደረሰ ሞልቷል፣ ይመር።
ከዚህ በላይ አትጨምር።»