ምስለኔ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ መብራት በመጣበት ሌሊት
ላፕቶፔን ታቅፌ ተቀመጥኩ ከአንዲት ፈተና ፊት።
ፕሮግራሙ ትንሽ ነው፤ ቦቴ ለሚጠብቅ ሰፈር
ውሃ ያዝዛል፣ ሒሳብ ያስቆርጣል በርሜል ሲሰፈር።

«ክፈል» የሚሉት ተግባር ባንክ ድረስ ይሮጣል፤
ግን ለሙከራ ብሎ እውነተኛ ብር ማን ያወጣል?
ኔትወርኩስ ቱሉ ዲምቱን አልፎ መቼ እዚህ ይመጣል?

ስለዚህ ምስለኔ ሾምኩ።
በ«ክፈል» ስም፣ በ«ክፈል» ወንበር፣ ሆዱ ባዶ ሰው አስቀመጥኩ።
«ማንም ቢጠይቅህ፣ ‹ተከፍሏል› በል» ብዬ አዘዝኩ፤
«ስንቴ እንደጠሩህ፣ በስንት ብር፣ መዝግብልኝ» አልኩ።

አስኬድኩት። ቀይ።
«ስንቴ ተጠራህ?»
«ዜሮ።»
ሹሜ ደጅ ላይ ቆሞ፣ አንድ እንግዳ ሳያይ ነጋበት፤
እውነተኛው «ክፈል» ግን ባንክ ሲለምን ትንፋሹ አለቀበት።

ለካ «እዘዝ» እና «ክፈል» የአንድ ፋይል ልጆች ናቸው፤
አንድ ጣሪያ ያሳደጋቸው፣ ጓዳ ለጓዳ በራቸው፤
ሲጠራሩ በውስጥ ነው፣ ማን ደጅ ያስወጣቸው?

ያኔ ትዝ አሉኝ ጋሽ ዲሪባ፣ የብሎካችን ዘበኛ፤
በር ላይ ደብተር ዘርግተው የሚያድሩ፣ ገቢ ጠባቂ ለእኛ።
እኛ ደግሞ በቆርቆሮው ሽንቁር፣ በጤፍ ማሳው በኩል እንገባለን።
ደብተራቸው ባዶ ነው።
ሰፈሩ ሞልቷል።

እናም «ክፈል»ን ከጓዳ አውጥቼ ለብቻው ፋይል ቀለስኩለት፤
ወንድሙ ሲፈልገው በደጅ ዞሮ እንዲመጣበት።
አረንጓዴ!
አንዴ ተጠራ፤ መቶ ሃያ ብር፤ «ተከፍሏል» አለ ሹሙ።
ደስ ብሎኝ ወደ ሁለተኛው ፈተና ዞርኩ፤ «ባዶ ኪስ» ነው ስሙ።
ገንዘብ የሌለው ሰው ቢያዝ፣ «እምቢ» መባል አለበት።

«ተከፍሏል» አለ።

መሾም እንጂ መሻር መች ለመድኩ፤
ከፈተና ወደ ፈተና ሹሜን ከነወንበሩ ይዤው ዘለቅኩ።
አንዲት መስመር ነበረች፣ «ሥልጣንህን መልስ» የምትል፤
ጻፍኳት፣ ሊነጋጋ ሲል።

ከታች የቦቴው ጥሩምባ ጮኸ።
ጀሪካኖቹ ከእኔ ቀድመው ተሰልፈዋል፣ ቢጫ በቢጫ፤
ደረጃውን በነጠላ ጫማ ወረድኩ፣ ዓይኔን እያሸሁ፣ በሩጫ።
«ከፍለሻል?» አለኝ ሹፌሩ፣ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ።
«ተከፍሏል» አልኩት፣ አፌ ከእኔ ቀድሞ ነቅቶ።

«ለማን?»