አተላ

«ላም ገዛሽ እንዴ?» ትለኛለች አንጓች፣ ጄሪካኔን ስትሞላ፣
ቸቸላ፣ ከጠላ ቤቷ ጓሮ፣ ከጋን ግርጌ ያደረ አተላ።
«ላም የለኝም» እላታለሁ።
«ታዲያ በግ ነው?»
                  ስቄ ዝም እላለሁ።
ዶክተር የሚሏት ሴትና አተላ አልገጣጠም ብሏት፣
ቅዳሜ በመጣሁ ቁጥር ታየኛለች፣ ግራ ገብቷት።

ቆርቆሮ ላይ አሰጣዋለሁ፣ ከርግብ ጋር እየተሻማሁ፤
ሲደርቅ ወቅጬ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ ምድጃ ውስጥ እከትተዋለሁ፣
አየር በሌለበት፣ ዘጠኝ መቶ ዲግሪ ላይ፣ ሁለት ሌሊት፤
ነድዶ አመድ እንዳይሆን፣ ከስሎ እንዲቀር በጽናት።
«ስምንት ዓመት ባሕር ማዶ ተምራ
ከሰል ልታከስል መጣች» ትላለች እናቴ፣ ለጎረቤት ስታወራ።
ውሸት የለውም።

መብራት ሄደ ይላል ሰው፤
ወዴት? ብሎ የተከተለው
የለም።
እኔ ግን ደመወዜ ይኸው ነው፦
መብራት ሲሄድ የት እንደሚያድር መጠየቅ፣
ማደሪያ ካጣም ጎጆ መቀለስ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ
ጨው ገብቶ በከሰሉ ስንጥቅ
እንዲተኛ፣ እንደ ሌሊት ዘበኛ፣ ካፖርቱን ተከናንቦ፣
ሲመሽ እንዲወጣ ለሥራው፣ ዱላውን ስቦ።

ሊቲየም ለባለጸጋ ነው፤ የእኔ ቢጤ በጨው ይሠራል።
ጨው ደግሞ ተረት አለበት፦ ለራሱ ካልጣፈጠ ድንጋይ ተብሎ ይጣላል።
የደረጃ ዕድገት ኮሚቴውም ይህንኑ ተረት ያውቃል።

ናሙና መቶ አሥራ ሁለት፦ መብራት ሄደ፣ በሠላሳ አንደኛው ሰዓት።
ናሙና መቶ አሥራ ሦስት፦ ተሰነጠቀ።
ናሙና መቶ አርባ፦ ክረምት፤ እርጥበት ገባበት።
ናሙና መቶ ዘጠና፦ አይጥ።
ሰጠኝ ነው ጸሐፊው፣ የቤተ ሙከራዬ ረዳት፤
ሽንፈት እንኳ እሱ ሲጽፋት፣ እንደ ብራና አምሮባት።

ከዚያ የሙቀት መለኪያው ተሰበረ።
ምትኩ አራት ወር ጉምሩክ ከረመ፤ ቀረጥ ተባለ፣ ቅጽ ተባለ፣ ቀረ።
ምድጃው እንዳለ፣ አተላው እንዳለ፣ ዓመቱ ሊያልቅ፣
እኔ በበሩ ቀዳዳ እሳቱን አያለሁ፤ ማየት ለብቻው ምን ሊያሳውቅ።

አያቴ ወለቃ አፋፍ ላይ ቀጥቃጭ ነበር።
ማረሻ ሊያሠራ የመጣ ገበሬ ከደጅ ቆሞ ነው የሚናገር፤
ሚስቱ ልጅ አዝላ እንደሆነ ሕጻኑን በነጠላ ትሸፍናለች፣
የአያቴ ዐይን እንዳያርፍበት፤
                  ማረሻውን ግን ትሸከማለች።
ቴርሞሜትር አያውቅም አያቴ፤ ቀለም ነው የሚያነብ፦
«ቀይ ሥር ሲመስል ገና ነው፤ በርበሬ ሲሆን፣ ቀረብ፤
ከበርበሬ አልፎ ብርቱካን ልሁን ሲል፣ ያን ጊዜ ነው፤
ካለፈሽ አለፈሽ።»
                  እኔ ሰባት ዓመቴ፤ ወናፉን የምነፋው።

በቀዳዳው አየሁ። በርበሬ።
ቆየሁ። በርበሬ።
ሰጠኝ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ።
ብርቱካን ሊሆን ሲል
«እዚህ ላይ ያዘው» አልኩት፣ ድምፄ ታንቆ።
ሁለት ሌሊት ያዘው፣ እንቅልፉን ንቆ።

ናሙና ሁለት መቶ አሥራ ሦስት፦ አልተሰነጠቀም።
ጨው ገባበት፣ ጨው ወጣበት፣
ሺህ ጊዜ፤ እንደ ቤቱ ለመደበት።

ገምጋሚው ከሩቅ አገር ጻፈ፦ «ሙቀቱ በምን ተለካ?»
ሦስት ቀን መልስ አጣሁ።
                  ለካ
ሕጻን የተሸፈነው ከዚያ ዐይን ነው፤ ያው ዐይን ነው የለካ።
«በቀለም፣ ልምድ ባለው ባለሙያ» ብዬ ላክሁ።
ወረቀቱ ተመለሰ።
ልክ ናቸው። እኔም ብሆን እመልስ ነበር።

ትናንት ማታ ቸቸላ መብራት ሄደ።
ሁለት መቶ አሥራ ሦስትን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤
የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አምፖል በራች፤ የጠጪው ጫጫታ በረደ።
አንጓች ጠጋ ብላ አየቻት፣ በአንድ ዐይኗ።
«ይሄ ነው አተላዬ?»
«እሱ ነው።»
ጣሳ አጠበች። ጣሳ ደፋች።
«እንግዲያ» አለች፣
«ከቅዳሜ ጀምሮ ጄሪካኑ ሃያ ብር ነው።»