ሣሬን የበላው በግ

ጠጅ ሣሬ ካነሰ ሦስት ሳምንት ሆነው።
ማን ነው የሚያጭደው? ያው የእንድሪስ በግ ነው
ብዬ ፈርጄበት፣
አጥር ሥር ባየሁት ቁጥር ጠጠር ወርውሬበት፣
እሱ ግን ዝም ብሎ አመነዠከብኝ፣
እንደ ጥፋተኛ መስሎኝ፤
እንደ ንጹሕ ኖሯል፣ አሁን ሲገባኝ።

ረቡዕ ከሰዓት ነው። የጦሳ ጉም ወርዶ፣ ከተማው መሃል ገብቶ፣
ባጃጁ ይርመሰመሳል በቀን መብራት አብርቶ።
ሸሪፋ መጣች፣ የጓሮ ጎረቤቴ፣
"ረውዳዬ ኬክ ቤት ከፈተች፣ ተነሺ እቴ!"
"ረቡዕ ነው ሸሪፋ፣ እንቁላል አለው፣ ይቅር።"
"ባትበዪስ፣ ወንበር አሙቂላት፤
ባዶ ቤት ገፊ ነው፣ ሰው ሲሞላው ነው የሚያምር።"

ከቧንቧ ውሃ ቁልቁል፣ ጫማ ቤት የነበረው፣
ግድግዳው ሎሚ ተቀብቷል፤ የቆዳው ሽታ ገና አለቀቀው።
ረውዳ ሰባት ዓመት ዶሃ፣ የሰው ወጥ ቤት ስታገለግል፣
ኖይ ከምትባል የታይላንድ ሴት ጋር በአንድ ምድጃ ስትቃጠል፣
ቋንቋ ባይኖራቸው በማንኪያ ተግባቡ።

አረንጓዴ ኬክ አመጣች፣ የሐምሌ ሣር የመሰለ፣
ሩዝ አመጣች፣ ጣፋጭ፣ የመርሳ ማንጎ ጎኑ የተንጋለለ።
(ሩዝ እኔ የማውቀው ለታመመ ሰው ሲቀቀል ነው፤
ይሄኛው ሩዝ ግን ሙሽራ ነው።)
"ነጩስ ምንድን ነው፣ ከላይ የፈሰሰው?"
"ወተት ነው፣ እማማ ይርገዱ።"
እጄን ሰበሰብኩ።
"የዛፍ ወተት ነው፣ የኮኮናት፤ እንቁላልም የለው።"
ሸሪፋ ሳቀች፦ "ላሟ ቀንድ የላትም፣ አብሽሪ፣ ጉረሺው።"

ጎረስኩት።
ምን ልበል። ደገምኩት።

ብርጭቆ መጣ ደግሞ፣ በረዶ ሞልቶበት፤
በደሴ ብርድ! በጋቢ ላይ ጋቢ በሚደረብበት!
ፉት አልኩና ቆምኩ። ይሄን ሽታ አውቀዋለሁ፤
የበዓል ዋዜማ ወለሌ ላይ በትኜዋለሁ፣
ዕድሜዬን ሙሉ የረገጥኩትን ጠጣሁት።
"ከየት አመጣሽው፣ ልጄ?" ብዬ ጠየቅኋት።

ረውዳ መሬት አየች። "ገበያ ፈልጌ አጣሁ።
ከሱብሒ መልስ... አጥሩ ዝቅ ያለ ነው...
እጄን ሰደድ አደረግሁ።"
ሸሪፋ በሻሿ አፏን ሸፈነች። ታውቅ ኖሯል!
እኔ ያሰብኩት በጉን ነው፤ ስንት ጠጠር ቀምሷል።

"ሒሳብ!"
"ከእርስዎ አልቀበልም።"
"ተቀበይ፤ ሣሩን እንጂ ስኳሩን አልተከልኩት።
ከአረንጓዴውም አንድ ቁራሽ ጠቅልይልኝ፤
የምከፍለው ካሳ አለብኝ።"

በጉ አሸተተው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣
ወረቀቱን በልቶ ኬኩን ተወልኝ።

በእጅ ሲነጩት ሥሩ ይነቀላል፤
የተሳለ ማጭድ ከማታ ጀምሮ አጥሬ ላይ ተሰቅሏል።