አንገት ያዥ

ኤድንብራ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ጣሪያው መስታወት ነው፣ ለምናልባት ፀሐይ፤
የመጣችም እንደሆን ከከሰል ጭስ ተሻምታ፣
አሥር ደቂቃ ቆይታ ትሄዳለች ረስታ።
እዚያ ነበር ሥራዬ። አንገት ያዥ ነበርኩ፣
ስንቱን የተከበረ ራስ በብረት ሹካ አቆምኩ።
ማጅራት መቺ አይደለሁም፤ ማጅራት ደጋፊ፣
ከከፋዩ መጋረጃ ጀርባ ተለጣፊ።

ጌታዬ ላምስደን ጥቁር ጨርቁን ተከናንቦ፣
«እንዳይንቀሳቀሱ!» ሲል ድምፁን ከሆዱ ስቦ፣
እኔ ብረቱን አጥብቄ አንድ፣ ሁለት እላለሁ፣
ስምንት እስኪሞላ ታላላቆቹን አቆማለሁ።

ዳኛው መጣ፤ በችሎት አንገተ ደንዳና የተባለ፣
ብረቱን ሳስጠጋው እንደ ጫጩት ዘለለ።
«ይቀዘቅዛል» አለኝ።
ስንቱን አንገት ለገመድ የፈረደ ሰውዬ!
ምንም አላልኩት፤ ዝም አልኩ ችዬ።

ጳጳሱ መጡ፤ አፍንጫቸው ላይ ኪንታሮት ነበረ፣
«ለምእመናን ሲባል» አሉ፤ በእርሳስ ተሰወረ።
ተዋናይቷም መጣች፤ ማልቀስ ታውቅበታለች፣
«በየትኛው ዓይኔ ልጀምር?» ብላ ትጠይቃለች።
ሰው እዚህ የሚነሣው ቁጭ ብሎ ነው፣
ቆሞ የሚውለውን ግን ማንም አይለየው።

ምስሉ የሚወጣው ከብር ነው፤ ጣቴ በብር ጠቆረ፣
ብሩ ግን ኪሴ ውስጥ አንድ ሌሊት አላደረ።
ታች መስኮቱ ላይ ይደረደራሉ፣ አንዱ በአንድ ሺሊንግ፤
ዳኛው ከተዋናይቷ ጎን። ሚስቱ ብታይ ምን ትል ይሆን?

በኅዳር ሰር ኦርሚስተን መጣ፣ የበረዶው ተጓዥ፣
ስሙ ከተማውን ያናወጠ፣ ዓይኑ ግን ፈዛዥ።
አሥራ አራት ሰው ይዞ ሄዶ፣ ከሦስት ጋር ተመልሶ፣
ሜዳሊያው ደረቱ ላይ፣ ሽበቱ ያለ ጊዜው ደርሶ።
ብረቱን አስጠጋሁ። አንገቱ ጸና።
እጁ ግን፣
ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል፤
አንድ መስታወት ተበላሸ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤
ላምስደን ጨርቁ ውስጥ ይሳደባል።
ያን ጊዜ ሰውዬው፣ ሳይዞር፣ በዝግታ፣
«ከኋላዬ ያለሽው፣ እጄን ያዥኝ» አለ በሹክሹክታ።
ከመጋረጃው ሥር እጄን ሰደድኩ፤ ጨበጥኩት፤
የወንዝ ድንጋይ ነበር ቅዝቃዜው፤ ግን ያዝኩት።
ስምንት ብዬ ለቀቅኩ።
ሲነሣ ኮቱን እየቆለፈ፣ ማንንም ሳያይ፣
«ስምንት አይበቃም» አለ፤ «አሥራ አንድ ናቸው»።

ምስሉ ወጣ፤ ታላቅ ሰው፣ የማይበገር ግንባር፣
ጥጉ ላይ ጠቋቁረው አምስት ጣቶቼ ነበር።
ላምስደን በመቀስ ቆረጠኝ። ካርዱ ስድስት ሺህ ተሸጠ፣
በየሳሎኑ አልበም ያለ እኔ ተቀመጠ።

ከዓመታት በኋላ ላምስደን ሞተ፤ ዕዳው ሞተበት፤
መስታወቶቹን የሙስልብራ አትክልተኛ በክምር ገዝቶ
የኪያር ቤት ሠራበት።

አሁን አርጅቻለሁ። በሚያዝያ፣ ኪያር ልገዛ ገብቼ፣
አየሁት ያንን ጣሪያ፣ አንገቴን አቅንቼ፦
ዳኛው ተዘቅዝቋል፣ ርግብ ኩሷን ጥላበት፤
የጳጳሱ ኪንታሮት ተመልሷል፣ እርሳሱን እርጥበት አጥቦት፤
ተዋናይቷ በሁለቱም ዓይኗ ታለቅሳለች፣ ጤዛ ነው መሰለኝ።
ኦርሚስተንም አለ፤ ሙሉው፣ መቀስ ያልነካው።

መስታወት ነገር ይገለብጣል፦
የሱ ሽበት፣ የሱ ግንባር ጠቁሮ ፀሐይ ይከለክላል፤
በብር የጠቆሩት ጣቶቼ ግን እንደ ውሃ ጠርተው፣
ብርሃኑ በነሱ ሾልኮ፣ አምስት ቀጫጭን መስመር ሆኖ፣
ከታች ቅጠሉ ላይ ያርፋል።

«ምን ትቆጥሪያለሽ፣ እማማ?» አለኝ የአትክልተኛው ልጅ።
አሥራ አንድ እስኪሞላ አልመለስኩለትም።
ከዚያ ሁለት ኪያር መረጥኩ፤ ከፍዬ ወጣሁ።