ከተረከዝ እስከ እምብርት

ነፋሱ ቀጥ ብሎ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ በሚሄድበት ሜዳ፣
ፍሪስላንድ፣ ከባሕሩ ወለል ዝቅ ባለችው ጓዳ፣
ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ዝናቡ አባርቷል፤
የሪክስት የላሞች ቤት ጣሪያው ተነስቷል።
እኔ አናጢው፣ ግንቡ ጫፍ ላይ ቆሜ፣
መዶሻ በወገቤ፣ ሚስማር በከንፈሬ ገጥሜ፣
ሳንቃ እጠብቃለሁ።

ሳንቃው አንድ ጥቅል ነው፣ በሽቦ የታሰረ፣
ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ ዝናብ ሲጠጣ ያደረ፣
ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ።
ቲየርድ፣ የሪክስት ልጅ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው፣
ቴሌሃንድለሩን አስነስቶ ግቢውን በጭስ ሞላው።
በሩ ጠባብ ስለሆነ ጥቅሉን በጎኑ አልያዘም፤
ሹካው ላይ ማራዘሚያ ሰክቶ፣ በጫፉ ገባበት፤ ማንንም አልጠየቀም።

ልጁን ችኩል ብቻ አትበሉት። ካቢናው ውስጥ
የተለጠፈውን ሠንጠረዥ በጣቱ ተከትሎ አይቷል፤
«ክንዱ አራት ሜትር ሲዘረጋ፣ ሺህ ሦስት መቶ ይችላል።»
ከሺህ ሦስት መቶ ላይ ሺህ ሁለት መቶ ሲቀነስ፣
መቶ ኪሎ ተረፈው፤ በመቶ ኪሎ ትርፍ ማን ያለቅስ?
ከግርጌ ግን፣ የጉንዳን እግር በሚያክል ፊደል፣
አንዲት መስመር ነበረች። ጣቱ ዘለላት። ማን የማይዘል?

ክንዱ ወጣ።
አንድ ሜትር። ሁለት። ሦስት።
ጥቅሉ እንዳልተጠራ እንግዳ እያቅማማ ወደ እኔ መጣ፤
ጫፉን ልነካው አንድ ስንዝር ሲቀረኝ
የኋላው ጎማ ከጭቃው ጋር የነበረውን ውል ፈታ።
በጎማና በመሬት መካከል ብርሃን ገባ፣
አንድ ጋት የምትሆን፣ ቀጭን፣
ከማዶ ያለው ሣር የታየባት።
ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ የልጁ እጅ ወደ ማውረጃው ሮጠ፤
ፍርሃት መቼም ወደ መሬት ነው የሚያየው።

«አታውርድ!» አለ ሹርድ።
አርባ ዓመት ማሽን ላይ ተቀምጦ ዳሌው ያለቀ፣
ከዱላው በስተቀር ከሰው ሁሉ የራቀ።
«ስታወርደው ይበልጥ ይርቅሃል። ሰብስብ።
መጀመሪያ ወደ ራስህ ሰብስብ።»

ክንዱ ተሰበሰበ። ጎማው ወደ ጭቃው ተመለሰ።
ሚስማሩን ከአፌ አወጣሁ፤ ደም ደም ይላል።

ሹርድ አልተቆጣም። ሙሉ ባልዲ ወተት አምጥቶ ሰጠው፤
«እቀፈው» አለ፤ ልጁም አቀፈው፣ አልከበደው።
«አሁን ክንድህን ዘርጋ።»
ዘረጋ። ወተቱ ያው ወተት፣ ባልዲው ያው ባልዲ፤
ትከሻው ግን ተንቀጠቀጠ፣ ተረከዙ ከመሬት ሊነሳ ዳዳ።
«ወተት ጨመርኩብህ?»
«አልጨመርክም።»
«ታዲያ ምኑ ከበደህ?»
መልሱ ጫማው ላይ ፈሰሰ፣ ነጭ ሆኖ።

«ከሹካው ተረከዝ እስከ ሸክሙ እምብርት፣ ስድሳ ሳንቲ ሜትር»፤
ያቺ የጉንዳን መስመር ይህን ነበር የምትናገር።
የእኛ ጥቅል እምብርቱ ግን፣ በጫፉ ስለተያዘ፣
ሜትር ተኩል ሙሉ ከተረከዙ ርቆ ተጓዘ።
ዘጠና ሳንቲ ሜትር ትርፍ፤ ቆሞ መሄድ የጀመረ የሕፃን ቁመት፤
እሷ ናት የልጁን መቶ ኪሎ በልታ፣ እኛንም ልትበላ የቀረባት።
ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ይባላል፤
ስንት ሰው እንጂ፣ ስንት ክንድ ርቆ ብሎ ማን ይጠይቃል?

ሽቦውን ቆረጥን። አጥሩን ነቅለን በሰፊው በኩል ዞርን፤
ግማሹን ግማሹን፣ በጎኑ፣ ከተረከዙ ጋር አጣብቀን
አነሳን። የመጨረሻውን ሳንቃ ስመታ
ቦዩ ላይ ያለው ውሃ ጠቁሮ ነበር።

ሪክስት ከገበያ መጣች፣ ጋቢናዋን ዘጋች፤
«ለአንድ ጥቅል ሳንቃ ሙሉ ቀን?» ብላ ጠየቀች።
ልጁ እኔን አየ፤ እኔ ሹርድን አየሁ፤
ሹርድ ጎማው የተነሳበትን ጭቃ በዱላው ነካ አድርጎ፣
«ስድሳ ሳንቲ ሜትር» አለ።
ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቀችም። ባልዲውን አንስታ፣
ውስጡን አየችና፣
«ወተቱን ማን ደፋው?» አለች።