የአውራ ጣት ቅባት

ኅዳር ሲጋመስ፣ የጦሳ ንፋስ
ቁልቁል ወርዶ ቧንቧ ውሃ ሲደርስ፣
ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ተረከዝ ይተረትራል፣
የመድኃኒት ቤታችንን መስታወት በአቧራ ያንኳኳል።

ጋሽ ይማም ሙሄ የገቡት ያኔ ነው፤
ሠላሳ ዓመት ግድግዳ የለሰኑበትን እጅ
ባንኮኒው ላይ እንደ ዕቃ ዘርግተው።
«መታወቂያ ላወጣ ሄጄ አሻራ አሉኝ፤
ማሽኑ አላወቀኝም።
አምስት ጊዜ ተጫንኩ። ልጅቷ ጣቴን በሶፍት ጠረገችና
‹አባባ፣ ባዶ ነው› አለችኝ።
ሲሚንቶው በልቶታል መሰለኝ።
እስቲ ለጣቴ ፊቱን የሚመልስ ቅባት ስጪኝ።»

«አብሽሩ ጋሼ» ብዬ ሁለት ዕቃ አወረድኩ።
አንዱ ባለወርቅ ክዳን፣ ዋጋው ግማሽ በግ፤
ሌላው ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ አቧራውን በክንዴ የጠረግኩለት።
«ማለፊያው የቱ ነው?»
«ቆይ፣ ጀርባቸውን እናንብብ፤ ፊታቸውማ ሁሌ ይስቃል።»

የቅባት ጀርባ እንደ ሠርግ መዋጮ መዝገብ ነው፤
ብዙ የሰጠ ከላይ፣ ሳንቲም የጣለ ከታች።
በባለወርቁ አንደኛው ውሃ፣ ያው የቦርከና ዘመድ።
ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው የአርጋን ዘይት ግን
ከሽቶው በታች፣ ከቀለሙ ጎን፣
ሳያዋጣ በር ላይ ቆሞ ያጨበጨበ ሰው ነው።

ውሃ አይናቅም። ብቻውን የመጣ ውሃ ግን
ከንፋሱ ጋር ተያይዞ ይሄዳል፤
ሲሄድም ባዶ እጁን አይሄድ።

ግሊሰሪን በሁለቱም አለ፤
በቆርቆሮው ሁለተኛ፣ በባለወርቁ ሰባተኛ።
እንግዳ ወዳድ ነው፤ የውሃን እጅ ይዞ «ግባ» ይላል።
አየሩ ደርቆ ከደጅ የሚጠራው ሲያጣ ግን
ከጓዳ ይጠራል፣ ከገዛ ሥጋችን ይቀዳል።
ስለዚህ የሚዘጋ በር ይፈልጋል።
በሩ ቫዝሊን ነው፤
አይሰጥም፣ አይቀበልም፣
ያለውን ያቆያል።

ጋሼ ሳቁ። «ልስን ነው በይኛ!
መጀመሪያ ግድግዳውን በውሃ ታረጥቢያለሽ፣ ከዚያ ትለስኛለሽ።
ደረቅ ግድግዳ ላይ የለሰኑት
በሳምንቱ ተቀርፎ ይወድቃል።»
እኔ አራት ዓመት ኮሌጅ የተቀመጥኩበትን
እሳቸው በአንድ ባልዲ ያውቁታል።

ሦስተኛው መስመር ላይ «ላኖሊን» አነበብኩ።
«የበግ ወዝ ነው፣ ጋሼ፤ ሱፍ ሲታጠብ የሚወጣ።»
ዝም አሉ።
«አባቴ ወረኢሉ ባና ይሸምኑ ነበር።
ሲሞቱ ያጠብናቸው እኔና ወንድሜ ነን፤
መዳፋቸው እንደ ሕፃን ነበር።
ሰው ሁሉ ‹ዱዓ ያደረገበት እጅ ነው› አለ።
የበጉ ኖሯል?»
«ሁለቱም ይሆናል» አልኩ፤
«ሁሉ ነገር ጀርባ ላይ አይጻፍም።»

«ማታ ታጥበው፣ ሳይደርቅ ይቀቡት፤
ጨርቅ ጠምጥመው ይተኙ።
ሲሚንቶውንም ለሦስት ሳምንት ይተዉት።»
«መተዉን እንኳ…» አሉና
ሳይጨርሱት ቆርቆሮውን ኪሳቸው ከተቱ።

ባለወርቁን በዚያው ቀን ለሌላ ሰው ሸጥኩት።
ገዢዋ ጀርባውን አላዞረችም፤
እኔም አላዞርኩላትም።

ታኅሣሥ መጨረሻ ተመለሱ፤
ቆርቆሮው እስከ ጠርዙ ተጠርጓል።
«የግራ አውራ ጣቴን ብቻ አወቀ።
በእሷ ጨርሰውልኛል፤
ዘጠኙ እንደተጣላኝ ነው።»
ካላመንሽ ብለው አውራ ጣታቸውን
ባንኮኒው መስታወት ላይ ጫኑት።
ሲያነሡት ቀጭን ቀጭን እርከን ቀረ፣
ከሩቅ እንደሚታይ የወረኢሉ ዳገት።

መስታወቱን ማታ ማታ እወለውላለሁ።
የዚያን ዕለት
ዙሪያውን ብቻ ወልውዬ ዘጋሁ።